ከሜክሲኮ የመጡ ሦስት ዕፀዋት
ለመግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁ ወጣቶችና ለሚያስጠኗቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ የሥነ ሕይወት ጥናት



በየቁምስናው ከሳምንታዊው የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል በኋላ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጥግ ተሰብስበው ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ሲዘጋጁ ይታያሉ። ብዙውን ጊዜም «መምህር፣ ይህችን ጥያቄ ያስረዱን» ተብሎ የሚጠየቀው ያው ሃይማኖት የሚያስተምረው ካቴኪስት ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ፈተናውም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ከ2016 ዓ.ም. ተፈታኞችም ይህን ውጤት ያገኙት 5.4 ከመቶ ነበሩ። ከነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ያሉት የእኛው ልጆች ናቸው።

የዚህ ጥናት ዓላማ የመማሪያ መጽሐፉን ሁሉ መከለስ አይደለም፤ እርሱ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። እኛ ለማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሥነ ሕይወት ትምህርት በመልስ ፊደል ሳይሆን በምክንያት የሚጠና መሆኑን ነው። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ጥያቄው በጥቂት ቃላት ሲለወጥበት ግራ ይጋባል። ምክንያቱን የያዘ ግን ጥያቄው በየትኛውም መልክ ቢመጣ ያውቀዋል። ምክንያቱን ለማግኘት ደግሞ ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም። በእጃችን የምንይዘው፣ በቤታችን የምንበላው ነገር ብዙ ያስተምራል።

ለምሳሌ ያህል ከሜክሲኮ አደባባይ እንነሣ። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዘመን የሜክሲኮ መንግሥት ወረራውን በመቃወሙና የጣሊያንን ይዞታ ሳያውቅላት በመቅረቱ ለዚህ ወዳጅነት መታሰቢያ እንዲሆን ነው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በአንጻሩ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተሰጠው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ይሁን እንጂ ሜክሲኮ ከዚያ ዘመን እጅግ አስቀድማ ወደ ማእዳችን ገብታ ነበር። የወጣችን መሠረት የሆነው በርበሬ የመጣው ከዚያ አገር ነው፤ አቮካዶም እንዲሁ። በቆሎን አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። ቦሎቄም በሜክሲኮና በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከዱር ተላምዶ ወደ ዓለም የተሠራጨ ነው። በክረምት መጨረሻ ከትግራይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በለስም የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ እንደ ገባ ይነገራል።

ከነዚህ መካከል ሦስቱን፣ ማለትም በቆሎን፣ ቦሎቄንና በለስን ለጥናታችን መርጠናል። የመረጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስቱም ምግባቸውን በብርሃን ያዘጋጃሉ፤ የሚያዘጋጁበት መንገድ ግን ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም በፈተና ይመጣሉ።

በመጀመሪያ ስለ ሕዋስ ባጭሩ

የዕፀዋት ሕዋስ ከእንስሳት ሕዋስ የሚለይባቸውን ነገሮች ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ያውቋቸዋል፤ ከሴሉሎስ የተሠራ ግድግዳ፣ ክሎሮፕላስትና አንድ ትልቅ ቫኪዩል። ስሕተቱ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። «ዕፀዋት ክሎሮፕላስት ስላላቸው ማይቶኮንድሪያ አያስፈልጋቸውም» ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ክሎሮፕላስት ስኳር ያዘጋጃል እንጂ ያንን ስኳር አፍርሶ ሕዋሱ ለሥራው የሚፈልገውን ኀይል የሚያወጣው በዋናነት ማይቶኮንድሪያ ነው። ስለዚህ ቅጠል ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። በቀን ይህ የማይታወቀው ብርሃን አስተፃምሮው ከአተነፋፈሱ ስለሚበልጥና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ስለሚበላ ነው። ከአፈር በታች ያለ ሥር ደግሞ ክሎሮፕላስት የለውም፤ ማይቶኮንድሪያ ግን አለው። ውሃ የተኛበት ማሳ በቆሎውን የሚያቢጨው ሥሩ የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ስለሚያጣ ነው።

ብርሃን አስተፃምሮ በሦስት መንገድ

6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 የውሃ ሞለኪውሎች በብርሃን ኀይል ተዋሕደው 1 የግሉኮስና 6 የኦክሲጅን ሞለኪውሎች እንደሚሰጡ ሁሉም ተማሪ ያነበንባል። ፈታኙ ግን የሚጠይቀው «ኦክሲጅኑ ከየት መጣ?» ብሎ ነው። የሚመጣው ከውሃው ነው። ሥራው በሁለት ክፍል ይከናወናል። በመጀመሪያው ክፍል በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ባሉት ታይላኮይድ በተባሉ ሽፋኖች ላይ ብርሃን ይያዛል፤ ውሃ ይሰነጠቃል፤ ኦክሲጅን ይወጣል። በሁለተኛው ክፍል ስትሮማ በተባለው ፈሳሽ ውስጥ የካልቪን ዑደት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ስኳር ይለውጣል። ሁለተኛው ክፍል «የጨለማ ሂደት» ተብሎ ስለ ተጠራ በሌሊት የሚከናወን የሚመስላቸው አሉ። ስሙ አሳሳች ነው። ብርሃንን በቀጥታ አይጠቀም እንጂ ከመጀመሪያው ክፍል በሚመጣለት ኀይል ስለሚሠራ በአብዛኞቹ ዕፀዋት የሚካሄደው በቀን ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ዕፀዋት እንመለስ። ቦሎቄ አብዛኞቹ ዕፀዋት የሚሄዱበትን መንገድ ይከተላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሩቢስኮ በሚባለው ኢንዛይም ይይዛል፤ መጀመሪያ የሚገኘውም ባለ ሦስት ካርቦን ውሁድ ነው። በዚህ ምክንያት ቦሎቄ፣ ስንዴና ቡና «ሲ-3» ይባላሉ። ሩቢስኮ ግን አንድ ድካም አለበት። ሙቀት ሲበረታና ቅጠሉ ውሃ እንዳያልቅበት ስቶማታ የተባሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ሲዘጋ፣ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፤ ኦክሲጅን ይበዛል። ያን ጊዜ ሩቢስኮ ኦክሲጅኑን በስሕተት ይይዘውና ተክሉ የደከመበት ካርቦን በከንቱ ይባክናል። ይህ ብክነት ፎቶረስፒሬሽን ይባላል።

በቆሎ ይህን ችግር በሥራ ክፍፍል ያልፈዋል። በቅጠሉ ውጫዊ ሕዋሳት ውስጥ ኦክሲጅንን የማይዝ ሌላ ኢንዛይም፣ ፔፕ ካርቦክሲሌዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዝና ባለ አራት ካርቦን አሲድ ያደርገዋል። አሲዱም በቅጠሉ ጅማት ዙሪያ እንደ ቀለበት ወደ ተደረደሩት ሕዋሳት ይላካል፤ በዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተለቅቆ ለሩቢስኮ ይቀርብለታል። ሩቢስኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተትረፈረፈበት ክፍል ስለሚሠራ አይሳሳትም። በዚህም «ሲ-4» ይባላል። ጤፍና ማሽላም የዚህ ወገን ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄው «ከሚከተሉት የኢትዮጵያ ሰብሎች በሞቃትና ፀሐያማ ቦታ ካርቦን የማያባክነው የትኛው ነው?» ብሎ ጤፍን፣ ስንዴንና ገብስን ቢደረድር መልሱን ለማግኘት አይቸገሩም።

በለስ ደግሞ ሥራውን የከፈለው በቦታ ሳይሆን በሰዓት ነው። በበረሃ ቀን ቀዳዳን መክፈት ሞት ስለሆነ፣ በለስ የሚከፍተው በሌሊት ነው። በሌሊት የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ በቫኪዩሉ ውስጥ ያከማቻል፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀዳዳውን ዘግቶ ያከማቸውን እያወጣ በብርሃን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ይህ መንገድ «ካም» ይባላል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር እናስታውስ፤ ቅጠል የሚመስለው አረንጓዴው የበለስ ገበታ ግንድ ነው። ቅጠሎቹ እሾህ ሆነዋል፤ ይህም በትነት የሚወጣውን ውሃ ይቀንሳል። ለክፍሉ አንድ ገበታ ብታመጡ መልካም ነው፤ እሾሁን ግን የሚያውቅ ሰው ያንሣው።

ከአንድ የበቆሎ ራስ የሚገኝ ትምህርት

በክረምት የበቆሎ እሸት ሲጠበስ ጢሙን ነቅለን እንጥለዋለን። ያ ጢም ግን የሴቴ አበባ አካል ነው። በቆሎ ወንዴውንና ሴቴውን አበባ በአንድ ተክል ላይ ለየብቻ ያበቅላል። በአናቱ ላይ እንደ ዘርፍ የሚዘረጋው ወንዴው ነው፤ በመካከሉ በሽፋን ተጠቅልሎ የሚወጣው ደግሞ ሴቴው። እያንዳንዱ የጢም ክር ከአንድ ጥሬ ጋር የተያያዘ ነው። ከወንዴው በነፋስ የመጣ አንድ የአበባ ዱቄት በክሩ ጫፍ ላይ ያርፍና ቀጭን ቱቦ አብቅሎ በክሩ ርዝመት ሁሉ እስከ እንቁላሉ ድረስ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ የሚወርዱት የወንዴ ሕዋሳት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ፅንሱን ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከሁለት የዋልታ ኒውክለሶች ጋር ተዋሕዶ ለፅንሱ ስንቅ የሚሆነውን ኢንዶስፐርም ይሰጣል። ይህ ድርብ ፅንሰት ይባላል፤ የአበባ ዕፀዋት መለያ ነው። ፅንሱ ሁለት እጥፍ፣ ኢንዶስፐርሙ ሦስት እጥፍ የክሮሞዞም ቁጥር እንዲኖራቸው ያደረገው ይኸው ነው።

አንዳንድ ራስ በጫፉ ወይም በመካከሉ ጥሬ ጎድሎት ባዶ ሆኖ ይታያል። ተማሪዎቹን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ባዶውን ከሚፈጥሩት ምክንያቶች ዋነኛው በዚያ ቦታ ያለው ክር የአበባ ዱቄት ሳያገኝ መቅረቱ ነው። የረድፎቹንም ቁጥር አስቆጥሯቸው፤ ሁልጊዜ ጥንድ ሆኖ ያገኙታል፤ ምክንያቱም አበቦቹ በቆሮቆንዳው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚወጡ ነው።

ቦሎቄንና በቆሎን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብታበቅሉ ደግሞ የባለ ሁለት ክክና የባለ አንድ ክክ ዕፀዋት ልዩነት በጥቂት ቀናት በዐይን ይታያል። ቦሎቄው ለሁለት ይከፈላል፤ ምግቡም በክኮቹ ውስጥ ነው። የበቆሎው ምግብ በኢንዶስፐርሙ ውስጥ ሲሆን ክኩ አንድ ብቻ ነው። የጅማቶቹ አዘረጋግ፣ የሥሩ ዓይነት፣ የአበባው ክፍሎች ቁጥር በመጽሐፉ በሰንጠረዥ ስለ ተቀመጡ እዚህ አንደግማቸውም። የቦሎቄን ሥር ግን ሳታዩ አትለፉ። በላዩ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች የናይትሮጅንን አየር ለተክሉ በሚስማማ መልክ የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። የሜክሲኮ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ በአንድ ማሳ መዝራታቸው፣ በአገራችንም በቆሎና ቦሎቄ አብረው የሚዘሩባቸው ቦታዎች መኖራቸው ያለ ጥቅም አይደለም።

ፈተና የወደቀው መነኩሴ

የዘር ውርስ ሕግን ያገኘው ግሪጎር ሜንዴል የቅዱስ አውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴና ካህን ነበር። በ1850 እ.ኤ.አ. ለመምህርነት የሚሰጠውን ፈተና ወደቀ፤ በ1856 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ቀርቦ ሳያጠናቅቀው ቀረ። በዚያው ዓመት አካባቢ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ማዳቀል ጀመረ። ልባቸው ለተሰበረ ተማሪዎቻችሁ ይህን ብትነግሯቸው ይጠቅማል።

ሜንዴል ያደረገው ሌሎች ያላደረጉትን ነው፤ ቆጠረ። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። እነዚህን እርስ በርሳቸው ሲያዳቅላቸው ግን 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደዱ ፍሬዎች አገኘ፤ ይህም ወደ 3 ለ 1 የቀረበ ነው። ስለዚህ የተጨማደደው ባሕርይ ጠፍቶ አልነበረም፤ ተሸፍኖ ነበር እንጂ። እያንዳንዱ ወላጅ ለአንድ ባሕርይ ሁለት ዘረ መል ይዞ ለልጁ አንዱን ብቻ ያስተላልፋል ማለት ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር የተረዳ ተማሪ አብዛኛውን የዘር ውርስ ጥያቄ በወረቀት ጠርዝ ላይ አስልቶ ያገኘዋል። የሜንዴል ጥናት በ1866 እ.ኤ.አ. ታትሞ እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ድረስ ልብ የሚለው አጥቶ ቆየ፤ እርሱ ያረፈው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለ ዝግመተ ለውጥ ለሚጨነቁ

በዚህ ርእስ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አንዳንድ ወጣቶች የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ሲደርስ መጽሐፉን ይዘጋሉ፤ ጥናቱ ሃይማኖታቸውን የሚያስክድ ይመስላቸዋል። በዚህ ምክንያት ነጥብ ከማጣት የሚከፋው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያላለችውን እንዳለች አድርገው ማመናቸው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 እ.ኤ.አ. «ሁማኒ ጄኔሪስ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የሰው አካል አስቀድሞ ከነበረ ሕይወት ካለው ነገር ስለ መገኘቱ ሊቃውንት ቢመራመሩ ቤተ ክርስቲያን እንደማትከለክል፣ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር የምትፈጠር መሆኗን ማመን እንደሚገባ አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም ጥቅምት 22 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባስተላለፉት መልእክት ይህ ትምህርት ከግምታዊ ሐሳብነት ያለፈ መሆኑን ገልጸዋል። ኦሪት ዘፍጥረት የሚያስተምረን ፍጥረትን ማን እንደ ፈጠረና ፍጥረት መልካም መሆኑን ነው፤ የክሮሞዞም ቁጥር ልናገኝበት አንከፍተውም።

ማስረጃውን ማየት ለሚፈልግ በቆሎ እዚህም ያገለግላል። የበቆሎ አባት ቴኦሲንቴ የተባለ የሜክሲኮ የዱር ሣር ነው። ራሱ ከጣት ያነሰ ሲሆን፣ ጥቂት ጥሬዎቹ በሁለት ረድፍ ሆነው እያንዳንዳቸው በጠንካራ ቅርፊት ተዘግተዋል። በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ የነበሩ ሰዎች ከ9,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጀምረው የተሻለውን እየመረጡ በመዝራት የዛሬውን በቆሎ አስገኙ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ 10 ጥንድ ክሮሞዞም አላቸው፤ ይዳቀላሉም። ለዘር የሚሆነውን የመረጠው ሰው ስለሆነ ሰው ሠራሽ መረጣ ይባላል። መራጩ ድርቅ፣ በሽታ ወይም ጠላት ሲሆን ተፈጥሯዊ መረጣ ይሆናል። በሁለቱም ግን አንድ ሕግ አለ፤ የሚለወጠው አንድ ግለሰብ ተክል ወይም እንስሳ ሳይሆን በትውልድ ላይ ትውልድ ሲተካ የማኅበረሰቡ የዘር ይዘት ነው። ፈታኞች ይህን ሳይጠይቁ የሚያልፉበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ወደ እንስሳት ስንሻገር

ከአሜሪካ የመጣልን ሁሉ መልካም አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. «የአሜሪካ መጤ ተምች» የተባለው ነፍሳት በኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች ታየ። በራሱ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጭ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብም በአራት ማእዘን የተቀመጡ አራት ነጠብጣቦች አሉት። የሚበላው ትሉ ነው፤ ትሉ ግን እጭ እንጂ ጉልምስ አይደለም። እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ የተባሉትን አራት ደረጃዎች ያልፋል፤ ሙሽሬው በአፈር ውስጥ ይቆይና ጉልምሱ በሌሊት የሚበር የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል። ይህ ሙሉ ሜታሞርፎሲስ ነው። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አገራችንን ያስጨነቀው የበረሃ አንበጣ ግን ሙሽሬ የለውም፤ ኩብኩባው ክንፍ አልባ ሆኖ አንበጣ ይመስላል፤ ቆዳውን ደጋግሞ እየጣለ ያድጋል። ልዩነቱ ለፈተና ብቻ አይደለም። አንበጣን ኩብኩባ ሳለ በምድር ላይ እየተጓዘ መከላከል ይቀላል፤ ተምችን ደግሞ እጩ ትንሽ ሳለና ወደ በቆሎው ልብ ሳይገባ።

በለስም የራሱን ጠላት ከትውልድ አገሩ አግኝቷል። ኮቺኒል የተባለችው ቀይ ቀለም የምትሰጥ ነፍሳት በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ገብታ፣ በዚያ የሚገታት የተፈጥሮ ጠላት ስላላገኘች ተስፋፍታ የበለስ ቁጥቋጦዎችን አጠፋች። የሥነ ምኅዳር ምዕራፍ ላይ ስለ መጤ ዝርያ ለሚጻፍ መልስ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የጀርባ አጥንት ስላላቸው እንስሳት ደግሞ ፋሲካን ጠብቁ። በግ ሲታረድ ልቡን ለልጆቹ አስቀምጡላቸውና በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አሳዩአቸው። አራት ክፍሎች ይታያሉ፤ የግራው ታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ በግልጽ ይወፍራል። የቀኙ ደምን አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ብቻ ሲልክ፣ የግራው ከራስ እስከ ሰኮና መላክ ስላለበት ነው። ከቀኙ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ አርተሪ ቢሆንም ኦክሲጅን ያነሰውን ደም ይይዛል፤ አርተሪ የሚባለው ደምን ከልብ ስለሚያወጣ እንጂ በደሙ ዓይነት አይደለም። የዓሣ ልብ ሁለት፣ የእንቁራሪት አስተኔዎች ሦስት ክፍል አለው። ገበሎ አስተኔዎችም በአብዛኛው ሦስት ሲሆኑ የጫሞ ሐይቅ አዞ ግን እንደ አዕዋፍና እንደ አጥቢዎች አራት አለው። በየቤታችን ጨጓራና ሽንፍላ ብለን የምንለያቸውም አራት ክፍል ያለው የአመንዣጊ ሆድ ክፍሎች ናቸው። በጉ ሴሉሎስን የሚፈጭ ኢንዛይም የለውም፤ የሚፈጩለት በሆዱ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት ናቸው። አህያ ይህን ሥራ የምታሠራው በትልቁ አንጀቷ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ አታመነዥክም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ተማሪዎቹ መልሱን ብቻ ሳይሆን «ስለዚህም» የሚል ምክንያት እንዲጨምሩ አድርጓቸው።

1. አንድ የበቆሎ ራስ 480 ጥሬዎች አሉት። በፅንሰቱ የተካፈሉት የወንዴ ሕዋሳት ስንት ናቸው? ሀ) 240 ለ) 480 ሐ) 960 መ) 1,440

2. በበለስ ገበታ ውስጥ የአሲዱ መጠን እጅግ የሚበዛው መቼ ነው? ሀ) በእኩለ ቀን ለ) ፀሐይ ስትጠልቅ ሐ) ከፀሐይ መውጫ ጥቂት ቀደም ብሎ መ) ለውጥ የለውም

3. አንድ አንበጣ ራሱ ከውሃ በላይ ሆኖ ሌላው አካሉ በውሃ ውስጥ ቢያዝ ምን ይሆናል? ሀ) በአፉ ይተነፍሳል ለ) ይታፈናል ሐ) በቆዳው ይተነፍሳል መ) ምንም አይሆንም

4. ድቡልቡል ሆኖ የተጨማደደውን ዘረ መል ደብቆ የያዘ አተር ከተጨማደደ አተር ጋር ቢዳቀል ከ200 ልጆች ስንቱ የተጨማደዱ ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል? ሀ) 0 ለ) 50 ሐ) 100 መ) 150

5. አንድ ፀረ ተባይ ለዓመታት ከተረጨ በኋላ ተምቹን መግደል ቢያቅተው ምክንያቱ ምንድን ነው? ሀ) እያንዳንዱ ተምች መድኀኒቱን ስለ ለመደው ለ) መድኀኒቱን የሚቋቋም ዘረ መል የነበራቸው ተርፈው ስለ ተራቡ ሐ) ተምቹ መድኀኒቱን ለመቋቋም ስለ ፈለገ መ) መድኀኒቱ ዘሩን በሙሉ ስለ ለወጠው

መልሶች። የመጀመሪያው ሐ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥሬ አንዱ ለእንቁላሉ፣ ሌላው ለኢንዶስፐርሙ ሁለት ሁለት ሕዋሳት ስለሚያስፈልጉ። ሁለተኛውም ሐ ነው፤ በለስ ሌሊቱን ሁሉ ሲያከማች ያድርና በብርሃን ማውጣት የሚጀምረው ከነጋ በኋላ ስለሆነ። የሦስተኛው መልስ ለ ነው፤ ነፍሳት አየር የሚያስገቡት በደረታቸውና በሆዳቸው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ነው እንጂ በአፋቸው አይደለም። የአራተኛው ሐ ነው፤ የመጀመሪያው ወላጅ ለግማሾቹ ልጆች ድቡልቡሉን፣ ለግማሾቹ የተጨማደደውን ዘረ መል ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው ወላጅ ያለው የተጨማደደው ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ ለ ብሎ የመለሰ ተማሪ የሜንዴልን 3 ለ 1 በቃሉ ይዞ ወላጆቹን ሳይመለከት ያለፈ ነውና እንደገና በወረቀት ላይ እንዲሠራው ይደረግ። የአምስተኛው ለ ነው። ሀ የሚለውን የሚመርጡ ብዙ ስለሚሆኑ፣ በቴኦሲንቴ ማሳ መራጩ ሰው እንደ ነበረ፣ በዚህ ማሳ ደግሞ መራጩ የሚረጨው መድኀኒት መሆኑን አስታውሷቸው።